ኃይሉን ሰጥቶ ጥራት የገዛው ማጉያ

ሃሮልድ ስቲቨን ብላክ በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተመርቆ ኒውዮርክ ውስጥ በዌስተርን ኤሌክትሪክ የምሕንድስና ክፍል ሲቀጠር ደመወዙ በሳምንት 32 ዶላር ነበር። በተከታዩ ጃንዋሪ የሥራ ባልደረቦቹ ጭማሪ ሲያገኙ እሱ ተዘለለ። ጥሎ ሊወጣ አሰበ። በኋላ ግን ሐሳቡን ቀይሮ፣ የመሥሪያ ቤቱን የቆዩ ሰነዶች አንድ በአንድ እያገላበጠ የስልክን ሥራ ከሥሩ መማር ያዘ። የኩባንያው ትልቅ ጣጣ ምን እንደሆነም ከዚያው ሰነድ መሀል አገኘው።

ጣጣው ርቀት ነው። ኒውዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ በ1915 በስልክ ተገናኝተዋል፤ ድምፅ ግን በመዳብ ሽቦ ላይ በተጓዘ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ በየመንገዱ የሚያበረታው ማጉያ ይፈልጋል። የማጉያው ልብ ደግሞ ቫኪዩም ቱዩብ የሚባለው፣ አምፖል መሳይ የመስታወት ዕቃ ነው። ቱዩቡ አንድ ዐመል አለበት፤ ትንሹን ሲግናልና ትልቁን በእኩል መጠን አያበዛም። የገባው ሞገድ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፣ ቅርፁ ግን በመጠኑ ተዛብቷል። አንድ ማጉያ ብቻ ቢሆን ጆሮ አይለየውም። ከአህጉሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው በመቶዎች፣ ከዚያም አልፎ በሺህ የሚቆጠሩ ማጉያዎች ሲደረደሩ ግን እያንዳንዱ የፊተኛውን ጥፋት አብሮ እያጎላ የራሱን ይጨምርበታል።

ከዚህ የባሰም ነበር። ኩባንያው በአንድ መስመር ላይ ብዙ ንግግሮችን በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ማሳፈር ይፈልጋል። ንግግሮቹ ሁሉ በአንድ የሚያዛባ ማጉያ ውስጥ ሲያልፉ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ፤ የአንዱ ሰው ወሬ የሌላው መስመር ላይ እንደ ጫጫታ ብቅ ይላል። የመስመሩን ዋጋ የሚያረክሰው ንግግሮቹን ማብዛት ነውና ይህ ችግር የገንዘብ ችግርም ነበር።

መሐንዲሶቹ ሁሉ የተያያዙት መንገድ አንድ ነው፤ የተሻለ ቱዩብ መሥራት። ብላክም ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ ደከመ። በማርች 1923 ቻርልስ ስታይንሜትዝ የተባለው ስመ ጥር የኤሌክትሪክ ሊቅ ያደረገውን ንግግር ሊሰማ ሄደ። ከሁሉ የማረከው ሰውየው አንድን ችግር እስከ መሠረቱ ገፎ የሚያይበት መንገድ ነበር። ሌሊቱን ቤቱ ተቀምጦ የራሱን ጥያቄ ገለበጠው። ቱዩቡ ይዛባ፤ ይሁን። የሚወጣው ሲግናል ውስጥ ግን የምንፈልገውና የማንፈልገው አብረው አሉ። የወጣውን ወደ መጀመሪያው መጠኑ ብናሳንሰውና ከገባው ጋር ብናቀናንሰው የሚተርፈው መዛባቱ ብቻ ነው። ያንን ትራፊ በሁለተኛ ማጉያ አጉልቶ ከዋናው ውጤት ላይ መቀነስ፤ ነገሩ አለቀ።

በማግሥቱ ሠርቶ ሞከረው፤ ሠራ። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ እውነተኛ እመርታ ያ ሌሊት ነው። እንከን የሌለበት ዕቃ ፍለጋውን ትቶ፣ እንከናሙን ዕቃ ይዞ እንከኑን ማስላት የጀመረው ያኔ ነው። የኋላው ዝነኛ ግኝት ከዚህ የተወለደ ነው።

መፍትሔው ግን በላብራቶሪ እንጂ በሜዳ የሚያዋጣ አልነበረም። ሁለቱ ማጉያዎች በትክክል ካልተመጣጠኑ ቅነሳው ይበላሻል፤ የቱዩብ ጉልበት ደግሞ ከሰዓት ሰዓት ይዋዥቃል። ብላክ እንደሚያስታውሰው፣ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ አንድ ሰው እየመጣ የቱዩቡን የማሞቂያ ከረንት ማስተካከል ነበረበት። በረሃ ላይ ለተተከለ ሺህ ማጉያ ይህ አይታሰብም።

አራት ዓመት አለፈ። ክፍሉ ራሱን ችሎ ቤል ላብራቶሪስ ሆኗል። ኦገስት 2 ቀን 1927፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብላክ እንደ ልማዱ ከኒው ጀርሲ በላካዋና ጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራ እየሄደ ሳለ መልሱ ድንገት መጣለት። በእጁ በያዘው ኒውዮርክ ታይምስ ባዶ ቦታ ላይ ሥዕሉንና ቀመሩን ጻፈ፤ ፈረመበትም። ቢሮ እንደደረሰ አንድ ባልደረባው አይቶ በምስክርነት ፈረመ።

ሐሳቡ ሁለተኛውን ማጉያ ያስቀራል። የወጣው ሲግናል ጥቂቱ ተቆርሶ፣ ምልክቱ ተገልብጦ ወደ መግቢያው ይመለሳል። ማጉያው በዚህ መንገድ የራሱን ስህተት እያየ ራሱን ይቃወማል። ዛሬ አሉታዊ ግብረ መልስ የምንለው ይህ ነው። ዋጋው ጉልበት ነው፤ በቁጥር ሲታይ ግን ርካሽ ነው። 100,000 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ እናስብ፤ ከውጤቱ አንድ መቶኛውን ብንመልስበት የማጉላት አቅሙ ወደ 99.9 ይወርዳል። አሁን ቱዩቦቹ አርጅተው ያ 100,000 በግማሽ ወርዶ 50,000 ቢሆን፣ ከመውጫው የምናገኘው 99.8 ነው። የቱዩቡ ግማሽ ጉልበት ሲጠፋ ውጤቱ ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ተነቃነቀ። መዛባቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 29 ብላክ ከ4 እስከ 45 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል መዛባቱን በኃይል መጠን ከ100,000 ወደ 1 አወረደው።

የሚያምነው ግን አልተገኘም። ዘመኑ ጉልበት የሚታደንበት ነበር፤ ኤድዊን አርምስትሮንግ ዝና ያተረፈው ሲግናሉን በተቃራኒው፣ በሚደግፍ አቅጣጫ መልሶ የአንዲቷን ቱዩብ ጉልበት በማብዛት ነው። እዚህ ግን አንዱ ተነሥቶ በውድ የተገዛውን ጉልበት ሆን ብሎ ይጥላል። የላብራቶሪው የምርምር ኃላፊ ሃሮልድ አርኖልድ ሐሳቡን አልቀበልም ብሎ ብላክን የተለመደውን ዓይነት ማጉያ እንዲሠራ አዘዘው። የእንግሊዝ የፈጠራ መብት ቢሮ ማመልከቻውን ያለ ነዳጅ ለዘላለም እዞራለሁ እንደሚል ሞተር ቆጠረው። የአሜሪካው ቢሮም በ1928 የቀረበለትን ማመልከቻ ያጸደቀው በዲሴምበር 1937 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው።

ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ትንሽ እስማማለሁ። ሲግናል የኤሌክትሪክ ዑደቱን ዞሮ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ መዘግየቱ ምልክቱን መልሶ ይገለብጠውና ተቃዋሚ የነበረው ደጋፊ ይሆናል። ማይክሮፎን ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሠርግ ድንኳኑን የሚያስጨንቀው ፉጨት የዚህ ዘመድ ነው። የብላክ ማጉያዎችም እንዲሁ በራሳቸው ይጮኹ ነበር። መቼ እንደሚጮኹና መቼ ጸጥ እንደሚሉ ቀድሞ የሚናገረውን ሕግ በ1932 ያወጣው ስዊድን የተወለደው ሃሪ ናይኲስት ነው፤ ሄንድሪክ ቦዲ ደግሞ ሕጉን የመሐንዲስ መሥሪያ አደረገው። ያለ እነዚህ ሁለት ሰዎች የጀልባው ሥዕል የጋዜጣ ጠርዝ ላይ እንደቀረ ይቀር ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የጀልባውን ታሪክ በዝርዝር የምናውቀው ብላክ ራሱ በ1977፣ ከ50 ዓመት በኋላ ስለጻፈው ነው። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ሚንደል በ2000 ባሳተመው ጥናት ይህን የብቸኛ ጀግና ትረካ ፈትሾታል። በእርግጥም በ1930 ሞሪስታውን፣ ኒው ጀርሲ የተደረገው የመስክ ሙከራ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። የ25 ማይል ኬብል ሽቦዎች እየተቀጣጠሉ የ850 ማይል መስመር ሆኑ፤ 70 ያህል ማጉያዎችም ተከታትለው ሠሩበት። ጥርጣሬው የረገበው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘዴው ከስልክ ወጥቶ ወደ ሙዚቃ ቤት ለመግባት አልዘገየም። በ1947 ዊልያምሰን የተባለ መሐንዲስ ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ ያቀረበው ማጉያ በ15 ዋት መዛባቱ ከ0.1 በመቶ በታች ነበር። ግብረ መልስ የሙዚቃን ሕይወት ይገድላል የሚሉ ጆሮ አዋቂዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ክርክራቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊሆን የሚገባው በደንብ ካልተሠራ ግብረ መልስ ጋር ነው።

የ1923ቱ ሐሳብስ? ስህተትን ለይቶ ወደ ፊት በመላክ የመቀነሱ ዘዴ በሞባይል ስልክ ዘመን ተመለሰ። የአንቴና ጣቢያ ማጉያ ብዙ ቻናል በአንድ ላይ ያስተናግዳል፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍተኛ በመሆኑ ሲግናሉን ዞሮ እስኪመለስ መጠበቅ አያዋጣም። በየሰዓቱ እየመጣ ያስተካክል የነበረውን ሰው ደግሞ ራሱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ዑደት ተክቶታል። የብላክ የዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1928 ነበር። በጊዜው ሕግ የ17 ዓመት ዕድሜ ስለነበረው በ1945 አብቅቷል፤ የሞባይል ኩባንያዎቹ ሲያነሡት የሚጠይቃቸው አልነበረም።