ሮያል ሆስፒታል ቼልሲ

ሮያል ሆስፒታል ቼልሲ በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ የብሪታኒያ ምድር ጦር አረጋውያን መኖሪያ ነው። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1682 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሲሆን፣ ሕንፃውን የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ክሪስቶፈር ሬን ነው። የመጀመሪያዎቹ ጡረተኞች የገቡት በ1692 ነው። ዛሬ 300 ያህል ነዋሪዎች አሉት።

ለመግባት የሚያመለክተው ሰው በጦሩ ያገለገለ፣ በዕድሜ የገፋና የትዳር ጓደኛም ሆነ ሌላ ጥገኛ ቤተሰብ የሌለበት መሆን አለበት። የጦር ሠራዊት ጡረታ ያለው አበሉን ለተቋሙ ይተዋል፤ በምትኩ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና ያገኛል።

የነዋሪዎቹ ክፍሎች በረጃጅም መተላለፊያዎች ግራና ቀኝ የተደረደሩ ናቸው። መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ወርዳቸውም ርዝመታቸውም 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ያረጀ ሰው በሌሊት ተነሥቶ የጋራ መጸዳጃ ፍለጋ መሄዱ የክብር ጉዳይም ነበርና፣ በቅርቡ በተደረገው እድሳት ክፍሎቹ ሰፍተው የየራሳቸው መጸዳጃና መታጠቢያ ተሠርቶላቸዋል። ሴቶች እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ግን ገና በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ እጅግ የዘገየ ውሳኔ ነበር።

ነዋሪዎቹ በአዘቦት ቀን ሰማያዊ፣ በበዓል ቀን ደማቅ ቀይ ካፖርት ይለብሳሉ። ምግብ የሚበሉት በታላቁ አዳራሽ በአንድነት ነው። ጥቅሙ ከምግቡ ይልቃል፤ የትዳር ጓደኛው የሞተበት አዛውንት ወታደርነቱን ከሚያውቁለት ጋር በየቀኑ ይጨዋወታል። አቅማቸው የደከመባቸውን በግቢው ውስጥ ያለው የሕሙማን መከታተያ ያስታምማቸዋል። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ በመሥራቹ መታሰቢያ ዕለት፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባል በተገኘበት ሰልፍ ያሳያሉ።