በቃል ያለና በመጽሐፍ ያለ
ስለ ድጓ ምልክትና ስለ ጃዝ ትምህርት መጽሐፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ርስትና ስለ ውል፣ ስለ ሕግና ስለ ታሪክ ሲነገር እውነት ነው። ርስቱ የማን እንደ ሆነ፣ ንጉሡም በየትኛው ዘመን እንደ ነገሠ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሁሉ ያውቀዋል። የዜማ ነገር ግን ከዚህ ልዩ ነው። ዜማ ከአፍ ወጥቶ በጆሮ የሚገባ፣ እንደ ወጣም ወዲያው የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ በብራና ላይ ማሳረፍ እንዴት ይቻላል? ቢያርፍስ ድምፁን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከመጽሐፉ ብቻ ሊማረው ይችላልን? ይህን ጥያቄ እጅግ የተራራቁ ሁለት ወገኖች በየዘመናቸው ጠይቀውታል። አንደኞቹ በጣና ዙሪያና በጋይንት የነበሩት የድጓ መምህራን ናቸው፤ ሁለተኞቹም ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ያስገኙት የአሜሪካ ጥቁሮች ናቸው። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ አንዱ ሌላውን ይተረጕመዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከዓባይ ማዶ እስከ ዘጌ፣ ከዘጌም እስከ ሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለው አገር የቅዱስ ያሬድ ስም ከዜማ ተለይቶ አይጠራም። ትውፊት እንደሚናገረው፣ ያሬድ በስድስተኛው ምእት ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት መጣ፤ ወደ ጋይንትም ተሻግሮ በዙር አምባ ተቀመጠ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት በሦስቱ ዜማዎች የተደረሱት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕትም የእርሱ ድርሰት ተብለው ይቈጠራሉ። ቃሉ በብራና ቢጻፍም ዜማው ብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተሻገረ ኖረ። መምህሩ ሲያዜም ልጁ ይሰማል፤ ልጁ ሲያዜም መምህሩ ያርማል። ይህም መንገድ መምህራን ሳይቋረጡ ለሚኖሩበት የሰላም ዘመን በቂ ነበር።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ግን ሰላም ጠፋ። በ1529 ንጉሠ ነገሥቱ በሽምብራ ኵሬ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት ከተሸነፉ በኋላ ጦርነቱ አገሩን ሁሉ አዳረሰው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንትም ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹም ተሰደዱ። የጣና ደሴቶች በውሃ ስለ ተከበቡ የብዙ ቅርስ መሸሸጊያ ሆኑ። ጦርነቱም የተፈጸመው ከዚሁ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ፣ በ1543 ነው። በዚያን ጊዜ የተረፉት ሰዎች አንድ ነገር ሳይገባቸው አልቀረም። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ከተገኘ ይገለበጣል፤ ዜማውን በልቡ የያዘ መምህር ሲሞት ግን ምን ይገለበጣል?

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው፣ ከዚያ ጥፋት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የድጓን ምልክት ሠርተው አደላደሉ። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሒደትና ቍርጥ የተባሉት ናቸው፤ እነዚህም ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚረግፍበትን፣ የሚደፋበትን፣ የሚቈረጥበትን ስፍራ ያመለክታሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚጻፉ ፊደላት ናቸው፤ ቍጥራቸውም በመቶ የሚቈጠር ነው።

የእነዚህ ፊደላት ጠባይ በደንብ ሊታሰብ ይገባል። ፊደሉ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ እየለካ የሚናገር አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ከአንድ የዜማ ቃል ተቈርጦ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ፊደሉ የሚለው «ይህን ስፍራ እንደዚያ እንደምታውቀው ቃል አዚመው» ነው። ያን ቃል ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ፊደሉ ዲዳ ነው፤ ለሰማው ግን አንዲት ፊደል አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታነሣለታለች። እንግዲህ ጌራና ራጉኤል መምህርን የሚተካ መጽሐፍ አልሠሩም፤ የመምህሩ ድምፅ ከተማሪው ልብ እንዳይጠፋ የሚያስታውስ መጽሐፍ ሠሩ እንጂ።

የድጓ ተማሪም በቀድሞው ሥርዓት የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ቃሉን ከነምልክቱ እየገለበጠ ዓመታት ይፈጅበታል። ጆሮው የሰማውን እጁ ይጽፈዋል፤ እጁ የጻፈውን አፉ ያዜመዋል። በመጨረሻም ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ ያስመሰክራል። መጽሐፉን መያዙ ብቻ ለምስክርነት አይበቃውም፤ የሚፈተነው በድምፁ ነው።

የጃዝም ታሪክ ወደዚሁ ጥያቄ ያመጣል። ይህ ሙዚቃ በኒው ኦርሊንስ ከተማና በአካባቢዋ ከባርነት በወጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል ያደገ ነው። ጠባዩን ለማስተዋል ቅኔ ቤትን ማሰብ ይጠቅማል። ባለቅኔ የጉባኤ ቃናውን ወይም የመወድሱን ልክ ጠብቆ፣ ትናንት ያልተባለውን ዛሬ ይዘርፋል፤ ልኩ የቆየ ነው፣ ቃሉ ግን አዲስ ነው። የጃዝ ተጫዋችም የዘፈኑን ዘመንና አብረው የሚሰሙትን የድምፆች ጥምር፣ አኮርድ የሚባለውን፣ ጠብቆ በዚያ ላይ ያልተጻፈ ዜማ ይዘርፋል። ይህን ጥበብ የቀድሞዎቹ ሰዎች የተማሩት ታላላቆቻቸውን በመስማት ነበር። በ1901 የተወለደው ሉዊስ አርምስትሮንግ ከጆ ኦሊቨር ጥሩምባ ብዙ የቀሰመው በዚህ መንገድ ነው።

መጽሐፍም ከዚህ በኋላ ተከተለ። ስኮት ጆፕሊን የተባለው ዝነኛ የራግታይም ደራሲ በ1908 የራግታይምን አመታት የሚያስተምሩ ስድስት ልምምዶች የያዘ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1927 ደግሞ በቺካጎ የሜልሮዝ ማተሚያ ድርጅት የአርምስትሮንግን አጨዋወት የሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት አወጣ፤ በአንደኛው 50 ዙሮች፣ በሁለተኛው 125 አጫጭር ሐረጎች ነበሩ። የተዘጋጁትም አርምስትሮንግ በሰም በርሜል ላይ በሚቀርጽ መሣሪያ ፊት እየተጫወተ፣ ኤልመር ሾቤል የተባለ ሙዚቀኛ ከተቀረጸው እየሰማ በኖታ በመጻፍ ነው። የሰሙ በርሜሎች ጠፍተው ቀሩ፤ ወረቀቱ ብቻ ተረፈ።

እነሆ በዚህ ስፍራ የአባቶች ተረት ተፈተነ። በመጽሐፍ ያለው ተወረሰን? መጽሐፉን የገዙ ብዙዎች ኖታውን በትክክል ቢነፉም የአርምስትሮንግ ድምፅ አልመጣላቸውም፤ ከምት ጥቂት ዘግይቶ መግባቱን፣ አንዱን ድምፅ መጫኑን፣ ሌላውን ማሳነሱን ኖታ ሊጽፈው አይችልምና። ነገር ግን በ1970ዎቹ ቤንት ፔርሰን የተባለ ስዊድናዊ ጥሩምባ ነፊ እነዚያን ዙሮች ከወረቀቱ አንሥቶ በሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ፤ የሰሙትም የጠፋው ጨዋታ ከሙታን እንደ ተነሣ ያህል አደነቁ። ለምን ቻለ ቢሉ፣ የአርምስትሮንግን የ1920ዎቹ ሸክላዎች አስቀድሞ በጆሮው ጠግቦ ስለ ነበረ ነው። ለእርሱ ኖታው እንደ ድጓ ፊደል ሆነለት፤ የማያውቀውን አላስተማረውም፤ የሚያውቀውን ግን ወዴት እንደሚያኖረው ነገረው።

ከዚያ በኋላ የጃዝን ሕግ የሚመረምሩ ታላላቅ መጻሕፍት ወጡ። በ1895 በካርኮቭ ተወልዶ በኒው ዮርክ ያስተማረው ጆሴፍ ሺሊንገር የሙዚቃ ድርሰትን በቍጥርና በስሌት የሚተነትን ሥርዓት አቆመ፤ ጆርጅ ገርሽዊንም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበረ። መጽሐፉ የታተመው እርሱ በ1943 ከሞተ በኋላ፣ በ1946 በሁለት ጥራዝ ነው። ደቀ መዝሙሩ ሎረንስ በርክ ደግሞ በ1945 በቦስተን በመምህሩ ስም የሺሊንገር ቤት የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1954ም ስሙ ወደ በርክሊ ተለወጠ። ጆርጅ ራስል የተባለው ሙዚቀኛም ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያወጣውን ሐሳብ በ1953 በመጽሐፍ ገለጸው። እርሱ የመረመረው እያንዳንዱ አኮርድ ከየትኛው ቅኝት ጋር ይስማማል የሚለውን ነው። ሐሳቡም በ1959 ማይልስ ዴቪስ ላስቀረጸው ሸክላ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የዚያው የቦስተን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሙዚቀኞች የሚጫወቷቸውን ዜማዎች ከነአኮርዳቸው በእጃቸው ጽፈው በአንድ ጥራዝ ሰበሰቡ። የባለ መብቶቹ ፈቃድ ስላልነበረው ጥራዙ በስውር ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ፣ ፈቃድ አግኝቶ በሕግ የታተመው በ2004 ነው። የራሱን ድጓ ይጽፍ የነበረው ተማሪ ቢያየው ድካሙን ባወቀላቸው ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የኖታ ትምህርት በ1924 ይጀምራል ማለት ይቻላል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያ ዓመት ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛና የሌሎችም ክፍሎች ሙዚቀኞች በኖታ እየተማሩ አደጉ። የጃዝን ትምህርት ከምንጩ ሊቀዳ የሄደው ሰው ግን በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው ሳሉ ልባቸው ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ በለንደን ከተማሩ በኋላም ወደ ቦስተን ተሻግረው በርክሊ ገቡ፤ በዚያም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደ ነበሩ ይነገራል።

በዚያ የተማሩት ትምህርት ከአገራቸው ዜማ ጋር ሲገናኝ አንድ ታላቅ ችግር ተነሣ። የጃዝ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ 12 ድምፆችና ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ ስለሚሠራ አኮርድ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ትዝታን ለምሳሌ ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይላል እንጂ ፋና ሲ የሉበትም። የጃዝ መጽሐፍ ግን በዶ ላይ ሚን፣ ሶልንና ሲን ደርቡ ብሎ ያዝዛል። መጽሐፉን በታዘዙት መጠን ትዝታ ውስጥ ባዕድ ድምፅ ይገባል፤ ባዕዱ ድምፅ በበዛ መጠንም ትዝታነቱ ይጠፋል። መጽሐፉን ጨርሶ የተዉት እንደ ሆነ ደግሞ የተማሩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ይህን ችግር የሚፈታ ምዕራፍ በየትኛውም የቦስተን መጽሐፍ አልተጻፈም ነበር። ሙላቱ የፈቱት በጆሮ ነው። አምስቱ ድምፆች ዜማውን እንዲገዙ ትተው፣ የቀሩትን የቅኝቱን መልክ እስከማያጠፉ ድረስ ብቻ ከበታችና ከጎን አስገቧቸው። በ1966 በኒው ዮርክ ባወጡት ሸክላ የላቲን አመታት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ሲሞከር ይሰማል፤ በ1972 ባወጡት፣ ሙላቱ ዘኢትዮጵያ ሊባል በሚችለው ሸክላ ግን መንገዱ ተቃንቶ ይታያል። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ በመጣ ጊዜም የተዘጋጀለትን ሥራ ከኢትዮጵያውያን ጋር ተጫወተ። ትዝታን ከልጅነቱ ያልሰማ ሰው ያንኑ የቦስተን መጽሐፍ ቢማር ባዕዱ ድምፅ የት እንደሚጐዳ አይሰማውም ነበር፤ የማይሰማውንም ሊጠብቀው አይችልም።

እንግዲህ የሁለቱ ታሪክ ፍሬ አንድ ነው። መጽሐፍ አያስፈልግም የሚል ሰው ከ1529 እስከ 1543 የሆነውን ረስቷል፤ በአንድ ትውልድ ጦርነት የብዙ መቶ ዓመት ዜማ ሊጠፋ ቀርቦ ነበርና። መጽሐፍ ብቻ ይበቃል የሚል ደግሞ የአርምስትሮንግን ዙሮች ገዝተው ዝም ብለው የቀሩትን ሰዎች ረስቷል። ዛሬ ድጓ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይገኛል፤ የመምህራን ድምፅም በስልክ ተቀርጾ በየቦታው ይሰማል። ይህ ጌራና ራጉኤል ያላገኙት ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የተቀረጸ ድምፅ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ ሲስት «ተመለስ» ብሎ አያርመውም። ያን የሚያደርገው በጉባኤ የተቀመጠ መምህር ብቻ ነው።

በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል መባሉ እውነት ነው። ርስትም ቢሆን ግን ወራሽ ከሌለው ጠፍ ይሆናል። የዜማ ወራሽ የሚባለውም መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሳይሆን፣ መምህሩ ሕያው ሳለ በእግሩ ሥር ተቀምጦ የሰማ ነው።