ወዳጅ በየምዕራፉ፤ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ የቀድሞ ታሪክ

ስለ አገራችን መንገዶች የተጻፈው ሲገለጥ፥ ድልድዩ በማን ዘመን እንደ ታነጸ፥ ገደሉ በማን ትእዛዝ እንደ ተቈረጠ በብዙ ድካም ተመርምሮ ይገኛል፤ ነገር ግን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ከሸዋ ወደ ወሎ ሲሻገሩ ያሳደራቸው ማን እንደ ነበረ፥ በማን ምድጃ አጠገብ እንደ ሞቁና የማንን እንጀራ እንደ ቈረሱ የሚናገር ገጽ እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ግን ያን መንገድ ጠብቀው ያኖሩት እነዚያ ቤቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከመኪና ዘመን አስቀድሞ የቤተ ሰብ ጉዞ የሚታሰበው ክረምቱ ወጥቶ፥ ወንዞች ጎድለው፥ ምድር በአደይ አበባ ስታጌጥ ነበር። ይህ ወራት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ከሚውለው ወርኃ ጽጌ ጋራ ይገናኛል፤ በወርኃ ጽጌም ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋራ ወደ ግብጽ መሰደዷን ታስባለች። ሌሊቱን በማኅሌት ስለዚያች ስደተኛ እናት ሲያለቅስ ያደረ ምእመን፥ በማግሥቱ ልጅ ያዘለች መንገደኛ በደጁ ቆማ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ስትለው እንዴት አድርጎ ይመልሳታል?

አባት ለእናቲቱ ሰጋር በቅሎ ይጭናል፤ ታናሹ በአንቀልባ ይታዘላል፥ ከፍ ያለው ከኮርቻው ፊት ይቀመጣል፥ የጠናው ከአሽከሩ ጋራ በእግሩ ያዘግማል። በሶው፥ ዳቦ ቆሎው፥ ድርቆሹና ቋንጣው አስቀድሞ ተሰናድቷል፤ ሆኖም ስንቁ የሚበላው ቀን ቀን ነው፥ ማታው የሚታሰበው በወዳጅ ቤት ነውና። ይህም ወዳጅነት በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም፤ ልጅ ክርስትና ሲያነሡ አበልጅን ከሩቅ አገር የሚመርጡ ብዙዎች ነበሩ፥ ከዚያም የተነሣ የአንዱ ቤተ ሰብ ዝምድና ከደብረ ብርሃን እስከ አምባሰል በየአንድ ቀን መንገድ ተዘርግቶ ይገኝ ነበር።

እንግዳው ሲገባ በመጀመሪያ እግሩን ማጠብ ሥርዓት ነው። አብርሃም በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር ሥላሴን የተቀበለበትን ታሪክ ከሥዕሉም ከስብከቱም የተማረ ሕዝብ፥ የመንገደኛን እግር አጥቦ ውሃውን ሲደፋ የክብር ሥራ እንደ ሠራ ያውቃል። ግን ታሪክ የባለቤቱን ለጋስነት ሲያወሳ የሚስቱን ድካም መርሳቱ ያሳዝነኛል። ሳይታሰብ የመጣ አምስትና ስድስት ሰው ሲገባ፥ ዱቄቱ ባለቀበት ሌሊት ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ተንበርክካ የምትፈጨው እርሷ ናት፤ መደቡን ለእንግዶች ለቃ ከልጆቿ ጋራ ከምድጃው ዳር የምትተኛው፥ በነግህም ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ለቀጣዩ መንገድ ቂጣ የምትጋግረው እርሷ ናት። ድልድይ ያሠሩ መኳንንት ስማቸው በድንጋይ ከተቀረጸ፥ የእነዚህ እናቶች ስም እንዲሁ ሊቀረጽ በተገባው ነበር።

ከብርዳማው የደብረ ብርሃን ደጋ፥ ገብስና በግ ከሞላበት ሜዳ ተነሥቶ ከጣርማበር አፋፍ የደረሰ መንገደኛ፥ ጉሙ ሲገለጥለት ጭላዳው በገደሉ ዳር ሣር ሲነጭ፥ ከበታቹም የይፋት ቆላ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ሲታየው ለጊዜው ድካሙን ይዘነጋል። ከዚያ ወርዶ በይፋትና በቦርከና ሸለቆ የሚያድርባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የእስላም ቤቶች ነበሩ፤ የዚህም አገር ደግነት ልዩ ማዕርግ አለው። ባለቤቱ ለክርስቲያን ወዳጁ የራሱን ሥጋ አያቀርብለትም፤ በጉን አስመጥቶ ቢላዋውን ለእንግዳው ይሰጠዋል፥ ወይም ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርድለታል። ክርስቲያኑም በፈንታው ለእስላም እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። እያንዳንዱ ሃይማኖቱን ሳይነካ በአንድ ጣራ ሥር ጠግቦ የሚያድርበት ይህ ትውፊት፥ በእኔ አስተያየት መንገዱ ለአገሩ ካስገኘው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ነው።

የመኪናው መንገድ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የተጓዙት በእርሱ ነው፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የጣልያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥም የእኛ ሰዎች ጣርማበር ላይ መንገዱን አፍርሰው አዘግይተውታል። ጣልያኖች ኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ተራራ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ፈለፈሉ። ከነጻነት በኋላ የተበላሸው ሁሉ ይጠገን ዘንድ ከዓለም ባንክ ብድር ተገኝቶ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ቆመ።

ያን ጊዜ ብዙ ሌሊት ይፈጅ የነበረው 400 ኪሎ ሜትር የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከሚጠጋው ከፍታ ወደ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ወርዶ እንደ ገና በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ መውጣት በአንድ ቀን ብርሃን የሚፈጸም ሆነ። ይህ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሐኪም የሚያደርሰው ይኸው ፍጥነት ነው። ነገር ግን በመካከል ያሉት አበልጆች መኪናው በደጃቸው ሲያልፍ አቧራውን ብቻ የሚያዩበት ቀን መጣ፥ ልጆቻቸውም ሳይተዋወቁ አደጉ።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በየምዕራፉ ማደሩ ቢቀር ማረፉ ቀርቷል ማለት አይደለም። የራሳቸውን መኪና ይዘው በመስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል የሚወጡ ቤተ ሰቦች፥ ከደብረ ብርሃን ወዳጅ ዘንድ ትኩስ ቆሎ ዘግነው ቡና ጠጥተው ይነሣሉ፤ ከሸዋ ሮቢት ፓፓያና ማንጎ ገዝተው ለደሴው ቤት ይይዛሉ፤ ደሴም ሲደርሱ እናትና ልጆች እዚያው ያድራሉ። በመልሳቸውም ከግሸን አምባ የያዙትን ጠበልና እምነት ለየቤቱ እያካፈሉ ይመለሳሉ፤ መንገዱን ያልወጣው ወዳጅ ከበረከቱ እንዲካፈል ይገባዋልና፥ የይፋቱም እስላም ወዳጃቸው ስለ ልጆቻቸው ጤና ጠይቆ፥ ዱዓ አድርጎ፥ በሚቀጥለው ዓመት ሳያድሩ እንዳያልፉ ያስምላቸዋል።