ስደተኛ ጸሐፊና የቅጂ መብት፦ የጻፋችሁት የማን ነው?

ካምፕ ውስጥ ሆነው በስልክ ግጥም፣ ወግ፣ ታሪካቸውን የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ጽሑፉ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ የጸሐፊው ስም ተቆርጦ በሌላ ሰው ገጽ ብቅ ይላል። “ስደተኛ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?” ብሎ መተው ግን ልክ አይደለም። ሕጉ ስደተኛውንም ያውቀዋል።

መብቱ ከየት ይመጣል?
እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14፣ ስደተኛ በቋሚነት በሚኖርበት አገር ለድርሰቱና ለጥበብ ሥራው እንደ አገሩ ዜጋ ጥበቃ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ኬንያ የኮንቬንሽኑ አባል ናት። ስለዚህ ካኩማ ወይም ዳዳብ የሚኖር ጸሐፊ መብት ናይሮቢ ከሚኖረው አያንስም።

ምን ይጠበቃል?
ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የተጻፈው ወይም የተቀረጸው ሥራ ነው። ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። በኬንያም በኢትዮጵያም ሕግ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ደራሲው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ፣ በብዕር ስም የመጻፍና ሥራው ሲዛባ የመቃወም መብት ይሰጠዋል።

ቢወሰድባችሁስ?
1. ረቂቁንና መጀመሪያ የለጠፋችሁትን አታጥፉ። የወሰደው ሰው ገጽ ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሱ።
2. መጀመሪያ ለሰውየው በጨዋ ቋንቋ ጻፉለት። ባለማወቅ ያደረገው ሊሆን ይችላል።
3. እምቢ ካለ፣ ፌስቡክም ዩቲዩብም የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ አላቸው። ኬንያም በ2019 ሕጓን ስታሻሽል፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የጽሑፍ ማመልከቻ ሲደርሳቸው፣ ተቃውሞ ካልቀረበ በቀር፣ በ48 የሥራ ሰዓት ውስጥ ሥራውን እንዲዘጉ አዛለች።

ጥንቃቄ፦ አቤቱታው ላይ የምትሞሉት ስምና አድራሻ ለተከሰሰው ሰው ሊደርስ ይችላል። ለደኅንነታችሁ ስትሉ በብዕር ስም የምትጽፉ ከሆነ፣ ቅጹን ከመላካችሁ በፊት የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰው አማክሩ።

እኛስ ስንወስድ?
አጭር ጥቅስ የጸሐፊውን ስምና የወጣበትን ቦታ ጠቅሶ መውሰድ ይቻላል። ሙሉውን መለጠፍ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ሊንኩን ብቻ አጋሩ። “ምንጭ፦ ኢንተርኔት” ብሎ መጻፍ የማንንም ስም መጥቀስ አይደለም። ብዙ ነገር ጥሎ ለተሰደደ ሰው የጻፈው የራሱ ንብረት ነው፤ እሱንም አንውሰድበት።