ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚገኝ ዕውቀት፦ የቦንጋና የከፋ ታሪክ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት የሚነግረን

ስለ ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥሩት የተከፈተውን ትምህርት ቤትና የተመረቀውን ሕንፃ ነው፤ ተማሪው ደወል ተደውሎ ደብተሩን ከሰበሰበ በኋላ እስከ ምሽት ምን ሲሠራ ይውል እንደ ነበር ግን እምብዛም አይጠይቁም። በከፋ ምድር፣ በተለይም በቦንጋ ከተማና በዙሪያዋ፣ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ባለው ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ ዛሬ ለተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ትምህርት ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ፣ ዕቃውን ለመግዛት ከመቻኰሉ አስቀድሞ ይህን ታሪክ ቢመረምር ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የሚደረስባት ቦንጋ፣ በደንና በጅረት የተከበበች የተራራ ከተማ ስትሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ከከፋ ነገሥታት መናገሻዎች አንዷ ነበረች። መንግሥቱ በስተሰሜን በኩል በጎጀብ ወንዝ ተከልሎ፣ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂዎች አጥሮ፣ ንጉሡን የሚያማክር ሚኪሬቾ የተባለ ጉባኤ አቁሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1836 ዓ.ም. ቦንጋ ገብቶ ጥቂት ቀናት ሰንብቷል፤ በሀገራችን አቡነ መሳያስ ተብለው የታወቁት የካቶሊክ ጳጳስም በ1852 ዓ.ም. መጥተው ተገደው እስኪወጡ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጠዋል። እነዚህ እንግዶች የደረሱበት ሕዝብ ሕጉን፣ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ፣ የጐሣውን ሥርዐትና የደኑን ጥቅም በብራና ሳይሆን በቃል የሚጠብቅ ነበር። እንዲህ ባለው ሀገር መምህሩ ሽማግሌው ነው፤ የትምህርቱም ሰዓት የቀኑ ሥራ ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ልጁ ቀን ከብት ሲጠብቅ ወይም ቡና ሲለቅም ውሎ፣ ማታ ከአዋቂዎች አጠገብ ተቀምጦ በጆሮው ይማራል።

የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በመስከረም 1890 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ተማርከው ከፋ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ቀድሞም በጥቂቱ ይታወቅ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከመኳንንቱና ከካህናቱ ጋር ተስፋፋ። በደብሩ ቅጥር ወይም በየኔታ ደጃፍ ዛፍ ሥር ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ጕልበቱ ላይ አድርጎ፣ በስንደዶ ጫፍ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፣ ከሀ ጀምሮ በድምፅ ይቈጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳውን፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን ተሻግሮ ወደ ዳዊት ይደርሳል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አንድ መርጌታ ለብዙ ደቀ መዛሙርት በቂ የሚሆንበት መንገድ ነው፤ ይኸውም ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ሕፃን ያስነብባል፣ የኔታም የሁለቱን ንባብ በአንድ ጆሮ እያዳመጠ የተሳሳተውን ብቻ ያርማል። መጽሐፉ ጥቂት፣ ቀለሙ ውድ፣ ብራናው ብርቅ በነበረበት ዘመን ትምህርቱ ሳይቋረጥ የኖረው፣ ታላቁ ተማሪ ለታናሹ መምህር ስለሆነ ነው።

ከጠላት ወረራ ማክተም በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዘመናዊው ትምህርት በየአውራጃው እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ቦንጋ የከፋ አውራጃ ከተማ፣ ጅማ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበሩ። ከገጠር ቀበሌ የመጣው ተማሪ በከተማው ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ ቤት የተቋጠረለትን ስንቅ እየበላ መማር ልማዱ ሆነ። ለዚህ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የሚቈጣጠረው አባትና እናት የሌለበት ረጅም ሰዓት ነው፤ ትጉው ሲያነብበት ሌላው ሲያባክነው ኖሯል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ከተሞች የማታ ትምህርት ተከፈተ፤ በኢንጂነር አያና ብሩ ጥረት የአማርኛ ፊደል የሚጽፍ መኪና ከተገኘ በኋላም፣ የጽሕፈት መኪና የሚያስተምሩ የግል ቤቶች በየከተማው ተቋቋሙ። ተማሪው ወይም ሥራ ፈላጊው ወጣት በሰዓት ከፍሎ እየገባ ዐሥር ጣቱን ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ቤቶች በኋላ ዘመን የጽሕፈት መኪናውን አውጥተው ኮምፒዩተር ሲያስገቡ፣ አሠራራቸውን ግን ብዙ አልለወጡም፤ በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ትምህርት መሠረት የተጣለው በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ባለው ሰዓት በእነዚህ ጠባብ ክፍሎች ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር አሰማራ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ዘመቻው ሲስፋፋ መማሪያው በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተዘጋጀ፤ ከነዚህም አንዱ ከፋ-ሞቻ ነበር። ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበሩ ሲለይ፣ እናት ከምድጃዋ ስትነሣ፣ ባገኙት ትርፍ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው በራሳቸው አንደበት መማራቸው በታሪክ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ዘመቻ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኩል ለማንበብና መጻፍ ትምህርት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱም ይታወሳል። ነገር ግን አዲስ አንባቢዎች ከተመረቁ በኋላ በየቀበሌው የሚያነቡት ጽሑፍ ስላነሰ፣ ብዙዎች የተማሩትን እንደ ረሱት የሚታወቅ ነው። መሣሪያውና የተማረው ሰው ቢገኙም፣ ትምህርቱን በየቀኑ የሚጠቀምበት ሥራ ካልተገኘ ዕውቀት ይደርቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በወጣው ሥርዐት የከፋ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ የተማሪው ቍጥር ከክፍሉ ቍጥር እየበለጠ ስለ ሄደ፣ በሀገሪቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረቃ የሚባለው አሠራር ጸና። ጠዋት የሚማረው ቡድን ከቀትር በኋላ፣ ከቀትር በኋላ የሚማረው ደግሞ ጠዋት ነፃ ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም “ከትምህርት በኋላ” ሲባል ምሽት አካባቢ ያለ ሁለት ሰዓት የሚታሰብ ሲሆን፣ በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት ግን የተማሪው ባዶ ጊዜ የቀኑ እኩሌታ ነው። ይህን ሀብት ሳያስተውል ለፕሮግራሙ ሌላ ሕንፃና ሌላ ሰዓት የሚፈልግ ሰው፣ በእጁ ያለውን ትቶ በሰማይ ያለውን የሚመኝ ይሆናል።

ኮምፒዩተርን ለትምህርት ቤቶች ያስተዋወቁት ዓመታት ፈጣን ነበሩ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አገልግሎት ላይ ዋለ፤ የግዕዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ገባ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ እየተባለ የሚጠራው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። በስኩልኔት ፕሮግራምም ከ450 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በኔትወርክ እንዲገናኙ ታቀደ። ፕላዝማው ከመምህሩ የመናገሪያ ሰዓት አብዛኛውን ወስዶ፣ ለመክፈቻና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሰጠው፣ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ የሚያልፈውን ትምህርት ተማሪው ሊያቆመውና ሊጠይቀው አልቻለም። የኔታ ተማሪ ቢሳሳት ያቆመዋል፤ ፕላዝማ ግን አያቆምም ነበር፤ ከዚህ የተነሣ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ወይም ምስሉ በተበላሸ ቁጥር፣ ያ ሰዓት ሳይመለስ ያልፍ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ለልጆች የተሠሩ 5 ሺህ ያህል አነስተኛ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ለተማሪዎች ታደሉ። ጉዳዩን ያጠኑት ሰዎች እንደ መሰከሩት፣ መምህራኑ በቂ ዝግጅት ሳያገኙ መሣሪያው ስለ ቀደማቸው፣ ልጁ በላፕቶፑ ሲጫወት መምህሩ እንዲዘጋው ሲያዝ መታየቱ የተለመደ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እነዚህን ላፕቶፖች ያዘጋጀው ማኅበር፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ያላዩ ሕፃናትን መርጦ፣ በየመንደሩ 20 ያህል ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጣቸው። ሕፃናቱ መክፈቻውን በራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ፊደላትንም በመዝሙር አጠኑ። ይህ የሕፃን ልቡና ምን ያህል ብሩህ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ሆኖም ፊደልን መለየት የትምህርት በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም፤ ከበሩ ወዲያ የሚያስገባው መምህር ነው።

በቦንጋ ያለው ተማሪ በዚህ ዘመን የሚገጥመው ነገር ከሌላው ሀገር ተማሪ የተለየ መልክ አለው፤ ይህም ከኮምፒዩተሩ የቁልፍ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ በግልጽ ይታያል። በካፊ ኖኖ ሲጽፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ቁልፎቹን ያለ ምንም ጭማሪ ይመታል፤ በአማርኛ “ቦንጋ” ብሎ ለመጻፍ ሲፈልግ ግን የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ከፍቶ፣ የ“በ”ን ቁልፍ መትቶ የ“ኦ”ን ድምፅ የሚሰጠውን ቁልፍ ሲያስከትል፣ ስድስተኛው ፊደል ወዲያው በዐይኑ ፊት ወደ ሰባተኛው ይለወጣል። የፊደል ገበታ ያየ ልጅ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብሎ የተማረውን ሥርዐት በቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ ስለሚያገኘው፣ መተየብ ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ሁለቱን ፊደል በአንድ መሣሪያ የሚያስተናግድ ልጅ፣ አያቱ የሚነግሩትን በካፊ ኖኖ ጽፎ በአማርኛ ሊተረጉመው ይችላል። እንግዲህ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አይኖርም፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከቀበሌው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ስለ ጐሣው፣ ስለ ጫካ ቡናውና ስለ ማሩ የሚሰማውን በድምፅ ቀርጾ፣ ተይቦ፣ በስሙ እንዲያስቀምጥ ቢደረግ፣ የቃሉ ታሪክ ይጠበቃል፤ የተማረውም ሳይደርቅ ሥራ ያገኛል።

የአሠራሩን ነገር ታሪኩ ራሱ ያሳየናል። ሰዓቱ የፈረቃው ባዶ እኩሌታ ይሁን፤ የቡና ለቀማ በሚበረታበት ከመስከረም መገባደጃ እስከ ኅዳር ባለው ወራት ግን ቤተሰብ ልጁን ስለሚፈልግ፣ ትምህርቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆኖ በክረምቱ ይካካስ። ሴት ልጆች ከቤት ሥራ፣ ከውሃና ከእንጨት ስለማያርፉ፣ በሚመቻቸው ሰዓት ቦታ ካልተጠበቀላቸው በወንዶች ብቻ የተሞላ ክፍል እናገኛለን። መንጆ እየተባሉ ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ለብዙ ዘመን የተገለሉት ወገኖች ልጆች ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ መሣሪያ ፊት ከሌሎች ጋር እንዲቀመጡ ከመጀመሪያው ቀን መደንገግ ይገባል፤ ሥርዐቱ ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል እጅግ ያስቸግራልና።

መምህሩን በተመለከተ፣ ቦንጋ ዛሬ የመምህራን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ የኮሌጁ ሠልጣኞችና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በትርፍ ሰዓታቸው ቢያስተምሩ አስተማሪውም ተማሪውም ይጠቀማሉ። በከተማው ያለው የቢሻው ወልደ ዮሐንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የመሰሉት ትምህርት ቤቶች ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ትጉ ተማሪዎችን መርጠው የታናናሾቻቸው አስተማሪዎች ቢያደርጓቸው፣ የየኔታ አሠራር ይታደሳል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ትምህርቱ እንዳይቆም፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፔዲያና ሕፃናትን ፕሮግራም ማድረግ የሚያለማምደው ስክራች አስቀድሞ በመሣሪያው ላይ ይጫን፤ ከፍ ያለው ተማሪ በበኩሉ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት በኢንተርኔት መከታተል ይችላል። ቦንጋ ዝናብና እርጥበት የበዛባት ሀገር ስለሆነች መሣሪያው በደረቅና ነፋስ በሚያገኝ ክፍል ይቀመጥ፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥ መጠባበቂያ ይኑረው፤ ቁልፉንና መዝገቡን በኀላፊነት የሚይዝ አንድ ሰው ይሾም፤ የተሰበረውን የሚጠግን ወጣትም ከከተማው ይሠልጥን። ከሌላ ሀገር በልግስና የመጣ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ስላጣ ብቻ ዕቃ ቤት ሲጣል ማየት የተለመደ ነውና፣ ለጥገና የተመደበ ገንዘብ ከግዢው ጋር እኩል መታሰብ አለበት።

የፕሮግራሙ ውጤት በተገዛው ኮምፒዩተር ብዛት ወይም በመክፈቻው ቀን በተነሣው ፎቶ አይለካ። ሦስት ዓመት ቈይቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተማሩት ልጆች ሌሎችን ማስተማር ከቻሉ ተቋሙ ሥር ሰዷል ማለት ነው፤ ካልቻሉ ግን በእጃችን ያለው ከውጭ የመጣ ዕቃ ብቻ ነው። የከፋ ልጆች የተማሩበት መንገድ በየዘመኑ ቢለዋወጥም፣ የትምህርቱን ሰንሰለት ሳይበጥስ ያቆየው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፈው ኀላፊነት ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩንም በዚሁ ኀላፊነት ውስጥ የሚያስገባ አስተዳዳሪ ወይም ወላጅ፣ ያቋቋመው ነገር ከእርሱ በኋላም እንደሚቀጥል ሊተማመን ይችላል።