የመናገሻ ጽድና የጉቶው ትምህርት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደን ያየ ሁሉ የተፈጥሮ ጸጋ ብቻ አድርጎ ይገምተው ይሆናል። ትውፊቱ ግን ሌላ ይላል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ዘርአ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ይህ ከሆነ፣ ደን ማልማት ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም ማለት ነው።

በዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ገባ። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ስላዳናት ውለታው አይካድም። ሲቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ቆራጩ መልሶ የመትከል ዕዳ የለበትም። ጽድ ግን እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠም ጉቶው አያቆጠቁጥም። ምስጥ የማይደፍረውን ምሰሶ የሚሰጠን ይኸው ዛፍ፣ መትከልን በረሳ መጥረቢያ ፊት መከላከያ የለውም። ለበር፣ ለከበሮና ለሙቀጫ የሚመረጠው ዋንዛም ጠባቂ ይሻል።

ስለዚህ ከአገር በቀል ዛፍ ጣውላ የሚፈልግ ትውልድ የደረሰውን ብቻ መርጦ ይቁረጥ። የጽድ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ስለሆነ፣ ለዘር ሁለቱንም ያቆይ። በወደቀው ምትክ ይትከል፤ ችግኙንም ከከብት ይጠብቅ። ተካዩ ምሰሶውን ላያየው ይችላል፤ እኛም ዛሬ የምንጠለልበትን የጽድ ጥላ የተከልነው እኛ አይደለንም።