አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው

እስቲ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 ቴክሳስ ውስጥ፣ አማሪሎ ከተማ አንዲት ልጅ ተወለደች፤ ቱላ ኤሊስ ፊንክሊ። ወንድሟ «ሲስ» ሊላት ሲል ምላሱ እየተያዘ «ሲድ» አላት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ከዚያ ፖሊዮ መጣ። ክትባቱ ገና አልተገኘም ነበር። እሷ ተረፈች፤ ሰውነቷ ግን መነመነ፤ እንዲጠነክርላት ብለው ባሌት አስገቧት። ልብ በሉልኝ፤ ዳንስ ለዚህች ልጅ መጀመሪያ መድኃኒት ነበር።

አደገችና ከሩሲያውያን የባሌት ቡድን ጋር ዞረች። ባሌት የሩሲያ ነው በሚባልበት ዘመን የቴክሳሷን ልጅ አንዴ ፌሊያ ሲዶሮቫ፣ አንዴ ማሪያ ኢስቶሚና እያሉ መድረክ አወጧት። የዳንስ አስተማሪዋን ኒኮ ቻሪስን አገባች፤ ሲድ ቻሪስ የተባለችውም በዚህ ነው።

ሆሊውድ ገባች፤ የፊልም ኩባንያው ኤም ጂ ኤም አስፈረማት። ያዝኩት ያለችው ግን ያመልጣታል። «ኢስተር ፓሬድ» የተባለው ፊልም ሲመጣ እግሯ ተጎዳ፤ ቦታውን አን ሚለር ወሰደችው። «አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ» ሲመጣ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ በሌስሊ ካሮን ተተካች።

አሁን 1952 ላይ ደረስን። ፊልሙ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ነው። ዳንሰኛው ጂን ኬሊ ባርኔጣውን ፍለጋ ወለሉን በጉልበቱ ይንሸራተታል። ቀና ሲል ባርኔጣው የተንጠለጠለው ከአንድ እግር ጫፍ ላይ ነው! ካሜራው እግሩን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወጣል... አረንጓዴ ቀሚስ፣ አጭር ጥቁር ፀጉር፣ ሲድ። መነጽሩን ታወልቅለታለች፣ ጭኗ ላይ ትወለውለዋለች፣ መሬት ጥላ በእግሯ ትጠልዘዋለች። አንዲት ቃል አትተነፍስም። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያላወቃት አልነበረም።

በ1953 «ዘ ባንድ ዋገን» ተከተለ። ከዳንሰኛው ፍሬድ አስቴር ጋር፣ ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ሴንትራል ፓርክ፣ ጎን ለጎን ዝም ብለው ይራመዳሉ። በፊልሙ ታሪክ ተኳርፈው የቆዩ ናቸው፤ አብረው መደነስ ይችሉ እንደሆነ ሊሞክሩ ነው የመጡት። እርምጃው መቼ ዳንስ እንደሆነ አትይዙትም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ንግግር በፊልም አልተነገረም፤ ንግግር ሳይኖርበት።

ራሷ እንዳወራችው፣ ከኬሊ ጋር ስትደንስ ውላ ከገባች ሰውነቷ ይበልዛል፤ ከአስቴር ጋር ከሆነ ምንም ምልክት የለባትም። ሁለተኛ ባሏ ቶኒ ማርቲን ይህን አይቶ ከማን ጋር እንደዋለች ያውቅ ነበር።

በፊልሞቿ የምንሰማው ዘፈን የሌሎች ድምፅ ነው፤ በ«ዘ ባንድ ዋገን» ኢንዲያ አዳምስ፣ በ«ብሪጋዱን» ካሮል ሪቻርድስ። እግሯን ግን ማን ይተካላት?

የሙዚቃ ፊልም ዘመን ሲያልፍ በምሽት ክለብና በቴሌቪዥን ሠራች። በ1992፣ በ70 ዓመቷ ገደማ፣ ብሮድዌይ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች። ትያትሩ «ግራንድ ሆቴል» ነበር። የሰጧትም ገጸ ባሕርይ ዕድሜዋ የገፋ ሩሲያዊት የባሌት ዳንሰኛ።